መጅና እንስራ፦ የሐይቅና የአምባሰል ሴቶች የጉልበት ታሪክ

በወሎዋ ሐይቅ ከተማ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ መሀሉ የጎደጎደ ጥቁር ድንጋይ አጥር ሥር ወድቆ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ ቤት ዶሮ ውሃ ይጠጣበታል፣ ሌላው ቤት ልብስ ይታሽበታል። ወፍጮ ነው። ያንን ጎድጓዳ ያወጣው የሴት ክንድ ነው፤ እናት ጀምራው፣ ምራት ቀጥላበት፣ የልጅ ልጅ አድርሳው። ስለ ወሎ ነገሥታት፣ ስለ ገዳማቱና ስለ ሼሆቹ ብዙ ተጽፏል። ያን ሁሉ ሰው ያበላው ጉልበትም የራሱ ታሪክ አለው፤ ዛሬ የምጽፈው እሱን ነው።

የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። እኔ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ሐይቅ ተወልጄ፣ ሐይቅ እያስተማርኩ ሃምሳን ያለፍኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ጊዜዬን የማሳልፈው ከሰፈራችን የቅሬ ማኅበር ሴቶች ጋር ነው። አብዛኞቹ ከአርባ እስከ ስልሳ ባለው ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው፤ ሱቅ የሚነግዱ፣ ቢሮ የሚውሉ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው ቤት የቀሩ። ከመቀመጫቸው ሲነሱ አንዷ «ያ አላህ» ትላለች፣ አንዷ «እመብርሃን» ትላለች፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የሚነሱት። ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሥሩ ብሎ የመከራቸው ሐኪም አልጠፋም። መጀመርም አላቃታቸውም። የሚያስቸግረው መዝለቁ ነው። ለመዝለቂያው መላ ስፈልግ ብዙውን ያገኘሁት ከእናቴና ከአያቴ ዘመን አኗኗር ነው።

ቀኑ ሙሉ ሸክም

ወፍጮው ከቤቱ ጥግ፣ በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይተከላል። ፈጪዋ ከበላዩ ጎንበስ ብላ መጁን፣ ማለትም የላይኛውን መፍጫ ድንጋይ፣ በሁለት እጇ ትይዛለች። ግፊቱ ከክንድ ብቻ የሚመጣ ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን ተረከዟ መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌዋ ይከተላል፣ ጀርባዋ ይዘረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ትከሻና ክንዷ መጁን ቁልቁል የሚነዱት። ስትመልሰው ክንዷ ይስባል፣ ሆዷ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ዙር እህሉ ይሸረከታል፣ በሚቀጥለው ይደቃል። ወፍጮው ሲልም ይወቀራል፤ ፊቱ እየተነቀሰ ሻካራነቱ ይመለሳል። እናቴ መጁ ሲሄድና ሲመለስ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ ዱቄቱ ላመ አልላመ ትለይ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዶሮ ሳይጮህ፣ ሌላው ቤተሰብ ገና ሳይነቃ ነው።

ሲነጋ ተራው የውሃ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይተኛል፤ ዙሪያው ኮረብታ ስለሆነ ውሃ ቀጂዋ ባዶ እንስራ ይዛ ትወርዳለች፣ ሙሉ እንስራ አዝላ ትወጣለች። በአምባሰል በኩል ቁልቁለቱና ዳገቱ የባሰ ነው። እንስራው ባዶውንም ቀላል አይደለም፤ ሲሞላ ገመዱ ትከሻ ላይ ይገባል። ከውሃ መልስ ሙቀጫ ይጠብቃል። ዘነዘናውን ከራስ በላይ አንስቶ መልቀቅ፣ ሁለት ሴቶች ሲሆኑ ደግሞ በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ መውቀጥ ነው። እንጨት ለቀማው፣ አረሙ፣ አጨዳው፣ የቤት ምርጊቱ በየወቅቱ ይጨመራል። ልጅ ጀርባ ላይ ነው።

የዚህ ጉልበት ዋጋ በዘመቻ ጊዜ ጎልቶ ይወጣ ነበር። የአምባሰሏ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መካከል የተፈረመው ውል ስሟን በመያዙ በታሪክ መዝገብ ገብታለች። ውሉ ያመጣው ጠብ ወደ ጦርነት ሲያመራ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሠራዊቱ ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ከተተ። ያ ሠራዊት የተንቀሳቀሰው በስንቅ ነው፤ ስንቁም በሶ፣ ድርቆሽና ዱቄት ነው። የፈጩትና የቆሉት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከጦሩ ጋር አብረው ዘምተው በየሰፈሩ ፈጭተዋል፣ ጋግረዋል፣ ተሸክመዋል። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ውጊያው ሲፋፋም፣ በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ ለተዋጊው ውሃ ያቀበሉት የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። ዓድዋን ስናከብር ጀግኖቹን በጦርና በጎራዴ እናስባቸዋለን፤ መጅና እንስራም ከጎናቸው ሊቀመጡ ይገባል።

አጥንት የመሰከረው

ሥራው ሰውነትን ምን ያህል እንደሚገነባ ሌላ ሀገር የተገኘ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሊሰን ማኪንቶሽ የተመራ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ7,000 ዓመት በፊት በመካከለኛው አውሮፓ እርሻ የጀመሩ ሴቶችን የክንድ አጥንት መረመረ። ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት የካምብሪጅ ሴት ጀልባ ቀዛፊዎች ናቸው፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ በሳምንት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀዝፉ ስፖርተኞች። የጥንቶቹ ገበሬ ሴቶች የክንድ አጥንት ከቀዛፊዎቹ ከ11 እስከ 16 በመቶ ይበልጥ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ስፖርተኛ ካልሆኑት ተማሪዎች ጋር ሲነጻጸር ብልጫው 30 በመቶ ገደማ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው የጠቀሱት በየቀኑ ለሰዓታት በድንጋይ ወፍጮ እህል መፍጨትን ነው። ያንን ጥናት ሳነብ የታየኝ የእናቴ ክንድ ነው፤ ስልሳ ካለፋት በኋላም ሙሉ ጣሳ ውሃ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ስታስታጥበን።

ታሪኩን በሙሉ መናገር ካለብኝ ግን ሌላውንም አጥንት ማንሳት አለብኝ። ሶርያ ውስጥ አቡ ሁረይራ በሚባል ጥንታዊ መንደር የተገኙ አፅሞችን ያጠናችው ተመራማሪ ቴያ ሞለሰን የወፍጮን ጉዳት አሳይታለች። የሴቶቹ የእግር ጣት መገጣጠሚያ፣ ጉልበትና የታችኛው የጀርባ አጥንት ተጎድቶ ነበር። እኛም ዘንድ ሲያቃስቱ የኖሩ ወገቦችን እናውቃለን። ከወለደች ብዙም ሳትቆይ እንስራ ያዘለች፣ ማሕፀኗ ወርዶባት በሀፍረት የደበቀች እናት ታሪክ በየመንደሩ አለ። እረፍት የሌለው፣ ምግብ የማይከተለው፣ ተሸካሚዋ ያልመረጠችው ሸክም ጡንቻ እንደሚገነባ ሁሉ ሰው ይሰብራል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወሎ ያየውም ይህንኑ ነው፤ እህል ሲጠፋ የበረታው ክንድ ሁሉ በወራት ውስጥ ሟሟ።

ስለዚህ የድሮውን ኑሮ መልሱት የሚል ሰው ቢኖር ከፊት ቆሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። የምፈልገው ከዚያ ኑሮ ውስጥ ሴቶቹን አጽንቶ ያቆየውን ነገር ለይቼ ማውጣት ነው።

ምን አዘለቃቸው?

አንደኛ፣ ሸክሙ በልክ ያድግ ነበር። ሕፃን ልጅ መጀመሪያ በቅል ትቀዳለች። ስትጠና ትንሽ ገንቦ ይሰጣታል፣ ከዚያ ትልቁን፣ በመጨረሻ እንስራ። በስፖርት ትምህርት ጡንቻ እንዲጠነክር ክብደቱ ቀስ በቀስ መጨመር አለበት ብለን የምናስተምረውን እናቶቻችን በሸክላ መጠን ይሠሩበት ነበር።

ሁለተኛ፣ ብቻቸውን አልነበሩም። ውሃ የሚወረደው በቡድን ነው፤ አንዷ ከቀረች ደጃፏ ላይ ቆመው ይጠሯታል። አረሙና አጨዳው በጅጌና በወንፈል ነው። በወንፈል ዛሬ ለእኔ የሠራሽልኝን ነገ ላንቺ እመልሳለሁ፤ የቀረች ሴት ዕዳ አለባት። ሰው እየጠበቀኝ ነው ማለት ከምንም ዓይነት የራስ ቃል ኪዳን ይበረታል።

ሦስተኛ፣ ዜማ ነበራቸው። አምባሰል ለሀገራችን ሙዚቃ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር አንዱን ቅኝት በስሙ የሰጠ ምድር ነው። ሴቶቹ ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር፣ ሲወቅጡ ይቀባበሉ ነበር። ዜማው እስትንፋስን ከግፊቱ ጋር ያስተካክላል፣ ድካምንም ያስረሳል።

አራተኛ፣ ዕረፍቱም በልማድ የተደነገገ ነበር። እሑድና በዓል ለክርስቲያኗ፣ ጁምዓና ዒድ ለሙስሊሟ። አራስ በደንብ በታረሰችበት ቤት አርባ ቀን ሸክም አትነካም። ይህ ያልተከበረበት ቤት ብዙ ነው፤ ደንቡ ግን ነበር።

አምስተኛውና ትልቁ፣ ሥራው ከቀኑ ጋር የተሰፋ ነበር። ዛሬ ልፍጭ ወይስ ልተው ብላ ከራሷ ጋር የምትሟገት ሴት አልነበረችም። ዶሮ ከመጮሁ በፊት ወፍጮ፣ ሲነጋ ውሃ ነው። የዛሬዋን ሴት እንቅስቃሴ የሚገድልባት ይህ ሙግት ነው፤ በየዕለቱ አዲስ ውሳኔ የሚጠይቅ ነገር አይዘልቅም።

መጁ የወደቀበት ዘመን

ከዚያ የሞተር ወፍጮ መጣ። መጀመሪያ ከተማ፣ ቀስ እያለም ወደ ገጠር ገበያዎች። ሴቶቹ እህላቸውን በአህያም በጀርባም አድርገው ወፍጮ ቤት ተሰለፉ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር አስፈጭታ ስትመለስ ዱቄቱ ትኩስ ነበር፤ እጇን ከትታ እየዳሰሰችው አላህንም ማርያምንም አመሰገነች፤ ወሎ ነንና። እሷ ከወፍጮ ስትላቀቅ እኔ ደብተር ያዝኩ። ቀጥሎ ቦኖ ውሃ ገባ፣ ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንስራን ተካ፣ ከዚያም ቧንቧው ግቢ ደረሰ። መብራት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ባጃጅ ተከታተሉ። ድሮ በእግር የሚኬደው መንገድ አሁን በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ገጠሩ ሁሉ እንዲህ አልሆነም። በአምባሰል ቀበሌዎች ዛሬም ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ፣ በማኅበረሰብ ሥራ ድንጋይ ተሸክማ እርከን የምትሠራ ሴት አለች። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሸክሙን ማቅለልና እረፍት ነው። እኔ የምናገረው በከተማ ስላለችው፣ ሸክሙ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከጀርባዋ ስለወረደላት ሴት ነው። ሸክሙ ሲወርድ አብሮት ጓደኝነቱም፣ ዜማውም፣ የቀኑ ሥርዓትም ወረደ። በቦታው የገባው ወንበር ነው።

ሰውነት ይህንን ዝም ብሎ አያልፈውም። ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የጡንቻ መጠን በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። የወር አበባ በሚቆምበት ዕድሜ ደግሞ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ የሚያጡ ሴቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ድርጅቱ ባወጣው አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ሴቶች 34 በመቶ፣ ወንዶች 29 በመቶ ነበሩ።

ለዘገየችም ሴት ተስፋ አለ። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ58 ዓመት በላይ የሆኑ፣ አጥንታቸው የሳሳ ከ100 በላይ ሴቶችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ ለስምንት ወር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት በአሠልጣኝ እየታዩ ከባድ ክብደት አነሱ። የታችኛው ጀርባ አጥንታቸው ጥግግት በአማካይ 2.9 በመቶ ሲጨምር፣ ቀላል እንቅስቃሴ ቤታቸው የሠሩት ሴቶች ግን ቀነሰባቸው። በሳምንት አንድ ሰዓት ማለት ነው። አያቴ ይህን ያህል ጉልበት የምታወጣው በአንድ ማለዳ ነበር።

በቅሬው ጥላ ሥር

ወሎ ውስጥ ቅሬ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ድንኳን የሚያለቅሱበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲታመም ይጠይቃል፣ የቀረን ሰው ለምን ቀረህ ይላል። የእኛ ሴቶች እንቅስቃሴ ሥር የያዘው ከዚህ ጋር ሲታሰር ነው።

የምንሠራው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ከመፈላቱ በፊት፣ በየተራ በአንዷ ግቢ ነው። ተረኛዋ ቡናውን ስታጥብ እኛ እንጀምራለን፤ እሷ ረከቦቱን ስትዘረጋ እኛ ጨርሰናል። አቦል የሚቀዳው ከእንቅስቃሴው በኋላ ነው፤ ማንም ሴት ደግሞ ከቡና ቀርታ አታውቅም። ልብሳችን የቤት ቀሚሳችን ነው፣ ሻሻችንና ሒጃባችን በራሳችን ላይ ነው። «የልጆች እናት ሆና ትዘላለች» የሚለውን አፍ የዘጋው ይህ ነው፤ አጥር ውስጥ፣ ከእኩዮቻችን ጋር፣ በራሳችን ወግ።

መጀመሪያ ከዱካ ላይ እጅ ሳይደግፉ መነሳትና መቀመጥ አለ። የከበዳት ከፍ ባለ ወንበር ትጀምራለች። ቀጥሎ ግድግዳ በሁለት እጅ መግፋት፤ ስትበረታ ወደ መደብ ዝቅ ትላለች። ከዚያ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ግማሹን ውሃ ሞልቶ ከመሬት ማንሳት፤ ጉልበት ታጥፎ፣ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ ጀሪካኑ ወደ ሰውነት ቀርቦ። ሲቀል ይሞላል፣ ሲሞላና ሲቀል በሁለት እጅ ሁለት ይያዛል፣ ከዚያም አሸዋ ይተካል። በመጨረሻ ጀሪካን ይዞ ግቢውን መዞር ነው። ክብደቱ ልክ መሆኑን የምናውቀው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ማንሻዎች ሲከብዱ፣ አነሳሱ ግን ሳይበላሽ ነው። ሲያነሱ ትንፋሽ ማስወጣት እንጂ ማፈን የለም፤ ለደም ግፊት አይበጅም። ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የማሕፀን መውረድ ወይም የቆየ የወገብ ሕመም ያለባት ሴት አስቀድማ ጤና ጣቢያ ትታያለች።

እያንዳንዷ ጓደኛ አላት። ቀኑ ሲደርስ ጓደኛዋ ደጃፏ ላይ ትጠራታለች፤ እንደ ድሮው የውሃ መንገድ። ሳምንት የጠፋች ሴት ስትመለስ ወቀሳ አይጠብቃትም። «አብሽሪ እትዬ፣ ጀሪካንሽ ቦታው ላይ ነው» እንላታለን፤ ካቆመችበት ትንሽ ቀለል አድርጋ ትቀጥላለች። ብዙዋን ሴት ያስቀራት ከስንፍና ይልቅ አንዴ አቋርጬ እንዴት እመለሳለሁ የሚለው ሀፍረት ነው። የእኛ ኑሮ ደግሞ ማቋረጫ አያጣም፤ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የምትታረስ ልጅ አለች፣ ጾም አለ። ረመዳን ሲገባ ከኢፍጣር በኋላ እንቀንሳለን እንጂ አንተውም። በሁዳዴ ሙስሊሞቹ ሰዓቱን ለጾመኞቹ ብለው ያዘገያሉ።

ምግቡም ከሥራው አይነጠልም። እኛ ሴቶች ሁሉን አብልተን የቀረውን የመብላት ልማድ አለን። ጡንቻ ግን በትርፍራፊ አይገነባም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ከሐይቃችን የሚወጣው ቆሮሶ ለእናትየዋም ሳህን ላይ መድረስ አለበት። በዚህ ጉዳይ ባሎችንና ልጆችን ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ግብም ያስፈልጋል። ለክርስቲያኖቻችን ግሸን ማርያም አለች፤ አምባሰል ውስጥ፣ በመስቀል ቅርጽ አምባ ላይ፣ መስከረም 21 ቀን ሀገር ምድሩ የሚወጣባት። ዳገቷ ማንንም አይምርም። ለሙስሊሞቻችን ጀማ ንጉሥ አለ፤ በመውሊድ ዱዓና መንዙማ የሚደምቅበት። ለመሳለምና ለመዘየር በራሷ እግር መውጣት የፈለገች ሴት ለጀሪካኗ ምክንያት አላት። አንዷ እትያችን የምትለው ሌላ ነው፤ የልጅ ልጇን ከመሬት አንስታ ማቀፍ ትፈልጋለች። ከዚህ የሚበልጥ ግብ አላውቅም።

ዛሬ በየከተማው ስለ ስፖርት ይሰበካል። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ የኢትዮጵያ ሴት ልጅ መሮጥ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን ያስወጣል። ደስ ይለኛል። ሩጫው ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ቅሬ ዓመቱን ሙሉ ነው። በየሰፈሩ ያለው ቅሬ፣ እድር፣ የጽዋ ማኅበርና የዱዓ ጓድ ሴቶች ተሰባስበው የሚገኙበት፣ የማይፈርስ፣ ተጨማሪ ገንዘብ የማይጠይቅ መዋቅር ነው። የጤና ቢሮዎችና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች አዲስ ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ እዚያ ይምጡ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም አንዲት የስፖርት መምህርት አነሳሱን በትክክል ብታሳያቸው፣ ቀሪውን ሴቶቹ ራሳቸው ያውቁበታል።

ለቅሬ ዳኞችም ጥያቄዬ ቀጥተኛ ነው። ማኅበራችን ሰው ሲሞት ለመቅበር ደንብ አውጥቷል፤ ሴቶቹ በሕይወት ሳሉ ቀጥ ብለው እንዲቆሙም ደንብ ያውጣ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቡና በፊት፣ ጓደኛ ለጓደኛ እየተጠራሩ። እናቶቻችንን ወፍጮው ግድ ብሎ ነበር ያበረታቸው፤ እኛ ፈቅደን፣ በልካችን፣ ጠግበንና አርፈን መበርታት የምንችል የመጀመሪያው ትውልድ ነን፤ ይህን ዕድል ተቀምጠን ማሳለፍ የለብንም።